ሳይቃጠል በቅጠል፦ የተሽከርካሪ ወንበር አያያዝና ጥገና

(ይህ ጽሑፍ በካምፑ ራዲዮ በአማርኛ ከተላለፈ የጤና ንግግር የተወሰደ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አስተላልፉ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው አንብቡለት።)

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ርእስ ብዙ ጊዜ የጤና ጉዳይ ተደርጎ አይታሰብም። እርሱም የተሽከርካሪ ወንበር፣ ብዙዎቻችን ዊልቸር የምንለው፣ አያያዝና ጥገና ነው። አንዳንዶቻችሁ «ብሎንና ጎማ የፉንዲ ሥራ ነው፤ ከጤና ጋር ምን ያገናኘዋል?» ትሉ ይሆናል። መልሱን ከራሴ ልጀምር።

እኔ በዊልቸር መሄድ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከወገቤ በታች ስሜት የለኝም። አንድ ጊዜ የመቀመጫውን ጨርቅ ከብረቱ ጋር ከሚያያይዙት ብሎኖች አንዷ ወልቃ ጠፋች። «ነገ አሠራታለሁ» እያልኩ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ። ጨርቁ በቀኝ በኩል ረገበ፤ እኔም ሳላውቀው ወደዚያው አጋድዬ መቀመጥ ጀመርኩ። ሕመም አይሰማኝምና ምንም አልታወቀኝም። በኋላ ባለቤቴ ልብሴን ስታጥብ እርጥበትና መጥፎ ሽታ አግኝታ ነገረችኝ። ብናይ መቀመጫዬ ላይ ቁስል ተከፍቷል። ያ ቁስል እስኪድን አራት ወር በሆዴ ተኝቼ ከረምኩ። ውኃ የሚቀዳልኝ፣ ራሽን የሚቀበልልኝ፣ የሚያገላብጠኝ ሰው ሆነ። አንዲት ብሎን በገበያ ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ሻይ አይበልጥም ነበር።

ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ቁም ነገር ይህ ነው፦ የወንበሩ ሕመም ወደ ሰውየው ይሻገራል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

በካኩማ ወንበር ለምን ቶሎ ይጎዳል?

ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲመሠረት የሰፈረው በቱርካና ምድር ላይ ነው። ሙቀቱን፣ አሸዋውንና እሾሁን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙዎቹ የሚታጠፉ ዊልቸሮች ግን የተሠሩት ለሆስፒታል ወለል ነው። የፊት ጎማዎቻቸው ትንንሽ ስለሆኑ አሸዋ ውስጥ ይሰጥማሉ፤ በድንጋይ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ መንቀጥቀጡ ደግሞ ብሎን ያላላል። ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ጎማ ያላቸውና ቁመታቸው ረዘም ያለ ባለ ሦስት ጎማ ወንበሮች በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ይሻላሉ። በእጅ የሚዘወሩት ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቶችም ለሩቅ መንገድ ጥሩ ናቸው። ሆኖም የትኛውም ዓይነት ቢሆን ካልተያዘ አይቆይም።

1. ጎማ

ጎማ ሲረግብ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ወንበሩ ይከብዳል፤ የምትገፉበት ትከሻ ይጎዳል። በዊልቸር ለምንሄድ ሰዎች ትከሻችን እግራችን ነው፤ እርሱ ከተጎዳ ሌላ መተኪያ የለንም። ሁለተኛ፣ አንዱ ጎማ ከሌላው ከረገበ ወንበሩ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ሦስተኛና ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የአብዛኞቹ ዊልቸሮች ፍሬን የሚይዘው ጎማውን በመጫን ነው። ጎማው ከረገበ ፍሬኑ የሚጫነው ነገር አያገኝም። ፍሬን የያዛችሁ መስሏችሁ ከወንበር ወደ አልጋ ስትሻገሩ ወንበሩ ይሸሻል፤ ትወድቃላችሁ።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ጎማውን በአውራ ጣታችሁ በኃይል ተጫኑት። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከገባ ንፋስ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ጎማዎች እኩል መሆን አለባቸው። የብስክሌት ፖምፓ ይበቃል።

እሾህ ሲወጋው የውስጡን ጎማ (ካላማዳሪውን) አውጡና ንፋስ ሞልታችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ቀዳዳው አረፋ ያወጣል። አድርቁት፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፤ ማስቲሽ ቀቡትና ደረቅ እስኪል ጥቂት ጠብቁ፤ ከዚያ መለጠፊያውን ላስቲክ አጥብቃችሁ ለጥፉ። ከመመለሳችሁ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዳብሱት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተሰበረው እሾህ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና አዲሱን ጥገና በማግስቱ ይወጋዋል።

2. ፍሬን

ፍሬን ወንበሩ ከቆመ በኋላ ማቆያ ነው እንጂ እየሮጠ ማስቆሚያ አይደለም። ሁለቱንም ፍሬኖች ይዛችሁ ሌላ ሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋው። ጎማው ከዞረ መጀመሪያ ንፋሱን ሙሉ። ከዚያም ካልያዘ ፍሬኑን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘውን ብሎን አላልታችሁ ፍሬኑን ወደ ጎማው አስጠጉና መልሳችሁ አጥብቁ። በፍሬኑና በጎማው መካከል ዘይት እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

3. ብሎኖች፣ የፊት ጎማዎችና ራጂዎች

በሳምንት አንድ ቀን ወንበሩን በእጃችሁ ነቅንቁ። የሚንኳኳ ድምፅ ካለ የላላ ብሎን አለ ማለት ነው። ዳዶው በየጊዜው የሚላላ ከሆነ ውስጡ ላስቲክ ያለውን ዓይነት ዳዶ ፈልጋችሁ ቀይሩ። የወለቀውን ብሎን በሽቦ ማሰር ለዛሬ ብቻ ነው፤ ሽቦ ይቆርጣል፣ ቆዳም ይቧጭራል።

የፊት ትንንሽ ጎማዎች መሐል ላይ ፀጉር፣ ክርና ላስቲክ ይጠመጠማል። በየሳምንቱ አውጡት። ስትሄዱ የፊት ጎማው ወዲያና ወዲህ የሚርገበገብ ከሆነ የሹካው ብሎን ላልቷል። ጎማው በነፃነት እየዞረ የማይወላወልበት ልክ ድረስ አጥብቁት፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ አይዞርም።

ትልቁን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ አሽከርክሩት። የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ወይም ወደ ጎን ሲነቀነቅ የሚወላወል ከሆነ ኩሽኔታው ደክሟል። ሽቦዎቹን (ራጂዎቹን) አንድ በአንድ በጣታችሁ ምቱ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ድምፁ የታፈነ ነው። አንድ ራጂ ሲሰበር ሸክሙ በሌሎቹ ላይ ይወድቃል፤ ቸርኬው ይጣመማል። ስለዚህ አንዷን ቶሎ ማስተካከል አሥሩን ያድናል።

ወንበሩን ስታጸዱ በሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ወልውላችሁ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ኩሽኔታዎቹ ላይ ውኃ አትድፉ፤ ግራሶውን ያጥበዋል። የሚታጠፉትን መገጣጠሚያዎች በወር አንድ ጊዜ ትንሽ የማሽን ዘይት ንኩና የተረፈውን ጥረጉ፤ አሸዋ የሚለጠፈው በተረፈው ዘይት ላይ ነው። የምግብ ዘይት አትጠቀሙ፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ያላችሁ ሰንሰለቱን በብሩሽ ከአሸዋ አጽድታችሁ ዘይት ቀቡ።

4. መቀመጫውና ስፖንጁ

አድማጮቻችን፣ ከሁሉ የበለጠ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ጎማ ቢፈነዳ መንገድ ያስቀራችኋል፤ መቀመጫ ከተበላሸ ግን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ሰው ሲቀመጥ የሰውነቱ ክብደት በብዛት የሚያርፈው በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው። ጤነኛ ሰው ሲደክመው ሳያስበው ይገላበጣል። ስሜት የሌለው ሰው ግን አይገላበጥም። በአጥንቱና በወንበሩ መካከል የተጨነቀው ሥጋ ደም ሳያገኝ ይቆያል፤ ይሞታል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይከፈታል። ይህ የጫና ቁስል ወይም የአልጋ ቁስል ይባላል። ቁስሉ አጥንት ድረስ ሊደርስና ደም ሊመርዝ ይችላል። የጀርባ አጥንታቸው ከተጎዳ ሰዎች ብዙዎች የሚሞቱት ከዚህ የተነሣ ነው።

ስፖንጁ የተሰጣችሁ ለምቾት ብቻ ሳይሆን ከዚህ እንዲጠብቃችሁ ነው። ስለዚህ ስፖንጁን አውጥታችሁ ለልጅ መኝታ ወይም ለእንግዳ መቀመጫ አትስጡ። ሽፋኑን አውልቃችሁ እጠቡ። ስፖንጁ ከረጠበ ውኃውን ጨምቃችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ፤ የፀሐይ ንዳድ ስፖንጅን ያደርቃል፣ ያፈራርሳል። ስትመልሱት የፊቱን ወደ ፊት፣ የላዩን ወደ ላይ አድርጉ።

ስፖንጁ መድከሙን በጣት ማወቅ ይቻላል። የምታምኑት የቤተሰብ ሰው ያግዛችሁ። ወደ ፊት አጎንብሱ፤ እርሱ የጣቶቹን ጫፍ ከመቀመጫ አጥንታችሁ በታች፣ በስፖንጁና በእናንተ መካከል ያስገባ፤ ከዚያ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡበት።

- ጣቶቹን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ከቻለ፣ ስፖንጁ ደኅና ነው።
- ማንቀሳቀስ ሳይችል በቀላሉ ስቦ ማውጣት ከቻለ፣ ማስጠንቀቂያ ነው።
- ጣቶቹ ተጨፍልቀው ለማውጣት ከተቸገረ፣ አደገኛ ነው። ስፖንጁ መቀየር አለበት።

በሌላው አጥንት በኩልም እንዲሁ ይመርምር። ከስፖንጁ በታች ያለው ጨርቅ እንደ አልጋ ጠፍር ከረገበ ደግሞ ዳሌያችሁን ያጣምማል፤ ያስወጥሩት ወይም ያስቀይሩት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። አንዳንድ ሰዎች ንፋስ የተሞላ የመኪና ካላማዳሪ ላይ ይቀመጣሉ። መሐሉ ቀዳዳ ስለሆነ የሚረዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ዙሪያውን ጨምቆ ደም ወደ መሐሉ እንዳይደርስ ያደርጋል። አትጠቀሙበት።

5. ወንበሩን ስትመረምሩ ቆዳችሁንም መርምሩ

በየቀኑ ጠዋት ወይም ማታ መቀመጫችሁን፣ የጅራት አጥንታችሁን፣ ዳሌያችሁንና ተረከዛችሁን በመስተዋት ወይም በቤተሰብ ዓይን እዩ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ፣ የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም ያበጠ ቦታ ፈልጉ። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ከዚያ ቦታ ላይ ተነሡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ቁስል ጀምሯል ማለት ነው፤ ዳግም አትቀመጡበት፤ ወደ ክሊኒክ ላኩ ወይም ሂዱ። አትሹት። የቡና ዱቄት፣ አመድ ወይም የጥርስ ሳሙና አታድርጉበት። ትኩሳት ከተጨመረ ወይም ቁስሉ ከሸተተ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መድረስ ያስፈልጋል።

ተቀምጣችሁ ስትውሉ ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ደረታችሁን ወደ ጉልበታችሁ አስጠግታችሁ አጎንብሱ፤ ወይም መጀመሪያ ወደ አንድ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው አጋድሉ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆዩበት። ሰልፍ ላይ ስትቆዩም አትርሱት። ፀሐይ ላይ የዋለ የወንበር ብረትም ስሜት የሌለውን እግር ያቃጥላል፤ ከመቀመጣችሁ በፊት በእጃችሁ ዳብሱት።

6. በባትሪ የሚሄዱ ወንበሮች

በመካከላችን በባትሪ የሚሄድ ወንበር ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ሲበላሽ ጭንቁ የበለጠ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ሰው ገፍቶ አይወስደውም። አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች አሏቸው፤ ሁለቱ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ።

- የእርሳስ አሲድ ባትሪ ባዶውን ማደር አይወድም። በሠራበት ቀን ሁሉ ማታ ሙሉት፤ ቻርጀሩ መሙላቱን እስኪያሳይ ድረስ አትንቀሉት።
- ከራሱ ቻርጀር በቀር አትጠቀሙ። ከፀሐይ ኃይል በቀጥታ ሽቦ ዘርግታችሁ አትሙሉ፤ ለዚህ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።
- የምትሞሉት ንፋስ በሚገባበት ቦታ ይሁን፤ ከጂኮና ከሻማ ይራቅ። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ እሳት ይይዛል።
- ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ቢሞት ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ። አሮጌው አዲሱን ይገድለዋል።
- የመኪና ባትሪ አትግጠሙ። ሲያዘነብል አሲዱ ይፈስሳል፤ ሥጋ ያቃጥላል።
- ዝናብ ሲመጣ መንጃውን እጀታ በላስቲክ ከረጢት ሸፍኑ። በውኃ አትጠቡት።

ወንበሩ አልንቀሳቀስ ካለ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። ቻርጀሩ ተነቅሏል? ብዙዎቹ ቻርጀር ላይ እያሉ አይሄዱም። ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ማንሻ ወደ መግፊያ አልዞረም? ልጆች ሲጫወቱ ይነኩታል። የባትሪው ሽቦ አልላላም ወይም ፊዩዙ አልተቃጠለም? ብዙ ጊዜ ችግሩ ከእነዚህ አያልፍም። ፊዩዝ በሽቦ አትተኩ፤ እሳት ያስነሣል።

7. ወደ ፉንዲ ስትወስዱ

የገበያው የብስክሌት ፉንዲ አብዛኛውን ሥራ መሥራት ይችላል፤ ብዙ ዊልቸሮች የትልቁ ጎማቸው መጠን ከብስክሌት ጎማ ጋር ይመሳሰላል። የጎማውን መጠን በጎኑ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ኩሽኔታውም ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ጻፉ፤ ወይም አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

ብረቱ ከተሰነጠቀ ብየዳ ያስፈልጋል። ከመበየዱ በፊት ስፖንጁንና ጨርቁን አውጡ፤ ጭሱ መርዛም ነው። በባትሪ የሚሄድ ከሆነ የባትሪውን ሽቦ አስነቅሉ። ከተበየደ በኋላ አራቱም ጎማዎች መሬት መንካታቸውን ሳታዩ አትክፈሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንበራችሁ ፉንዲ ቤት ሲያድር የት እንደምትቀመጡ አስቀድማችሁ አስቡ። ድንጋይ ወይም ባዶ ወንበር ላይ መዋል የለባችሁም፤ ስፖንጁን ይዛችሁ ቅሩ።

የአድማጮች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ እሾህ አስቸገረን፤ ንፋስ የማይሞላ ጎማ ብናደርግስ?
መልስ፦ ይቻላል፤ እሾህ አይበሳውም። ግን ይከብዳል፤ መንቀጥቀጡም ይብሳል። ለትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ጥሩ ነው። ለትልቁ ግን ንፋስ ያለው ለሰውነት ይሻላል። ወፍራም የውጭ ጎማ መምረጥ እሾህን ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የልጄ ወንበር አጠራት። ማሳጠርና ማስረዘም ይቻላል?
መልስ፦ ልጅ ያድጋል፤ ወንበር አያድግም። የእግር ማሳረፊያውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ወርዱ ከጠበበ ግን ዳሌዋን ይቆስላል፤ ወንበሩ መቀየር አለበት። ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ክፍል ወስዳችሁ አስለኩ።

ጥያቄ፦ ጥገና ስንጠይቅ እንደ ለማኝ ታየን። መብት አለን?
መልስ፦ አላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የዊልቸር አገልግሎት መመሪያ አገልግሎቱን በስምንት ደረጃዎች ከፍሎታል። ስምንተኛው ክትትልና ጥገና ነው። ወንበር ሰጥቶ መሄድ ሥራውን ጨረሰ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ20ኛው አንቀጽ ስለ መንቀሳቀስ መብት ይናገራል፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 አጽድቃዋለች። ስለዚህ በትሕትና ጠይቁ፤ ግን ሳታፍሩ ጠይቁ። የጠየቃችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ካልተመለሰላችሁ ድጋሚ ሂዱ።

ማጠቃለያ፦ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ

በየቀኑ፦
- ቆዳን ማየት
- ስፖንጁ ደረቅና በቦታው መሆኑን ማየት

በየሳምንቱ፦
- ወንበሩን መወልወል
- ጎማውን በአውራ ጣት መመርመር
- ፍሬን መፈተሽ
- ወንበሩን ነቅንቆ የላላ ብሎን ማጥበቅ
- ከፊት ጎማ ላይ ፀጉርና ክር ማውጣት

በየወሩ፦
- ራጂዎችን መምታት
- መገጣጠሚያዎችን ዘይት መንካት
- ብረቱ እንዳልተሰነጠቀና እንዳልዛገ ማየት
- ስፖንጁን በጣት መፈተን፣ የጨርቁን መርገብ ማየት

የሳምንቱ ሥራ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ያልቃል። እጁ ለማይሠራለት ሰው ጎረቤት ይሥራለት፤ ወጣቶችም አንድ ፖምፓና አንድ ካቻቢቴ በጋራ ገዝታችሁ በየብሎኩ ብታስቀምጡ የብዙ ሰው ሕይወት ታድናላችሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ያለውን ወንበር አንድ ጊዜ ነቅንቁት። የሚንኳኳ ብሎን ካለ ነገን አትጠብቁ።